የሰርቨር መግቢያ ደንቦችን መፈተኛ መንገዶች፦ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ጥያቄ?

ሰርቨር ላይ «ከሻሸመኔ ቅርንጫፍ የመጣ ይግባ፣ ከእንግዶች ዋይፋይ የመጣ አይግባ» ብሎ መጻፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የተጻፈው ደንብ በእርግጥ እንደዚያ ማድረጉን ማረጋገጥ ሌላ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው። ደንቡ ከታሰበው በላይ ከጠበቀ ሠራተኛው ወዲያው ስልክ ስለሚደውል ስህተቱ በዚያው ጠዋት ይታወቃል። ከላላ ግን ማንም አይደውልም። መግባት የሌለበት ሰው «ገባሁላችሁ» ብሎ አይነግርም። ስለዚህ ከታች የምናነጻጽራቸውን መንገዶች የምንመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ መከልከል የነበረበት ሰው መከልከሉን ያሳያሉ ወይ?

ለምሳሌ ዋና ቢሮው ሐዋሳ፣ ቅርንጫፎቹ ሻሸመኔና ዲላ የሆነ ድርጅት እንውሰድ። የዋናው ቢሮ ኔትወርክ 192.168.10.0፣ በቪፒኤን (ቅርንጫፎችን በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መስመር በሚያገናኘው) የሚመጣው የሻሸመኔው 192.168.20.0፣ የዲላው 192.168.30.0፣ የእንግዶች ዋይፋይ ደግሞ 192.168.50.0 ነው፤ ሁሉም ባለ 24 ቢት (/24) ናቸው፤ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ኔትወርኩን ይለያሉ። ሰርቨሩ 192.168.10.5 ላይ ያለ ኡቡንቱ ነው። በኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከርቀት በትእዛዝ ማስተዳደሪያ መንገድ) መግባት ያለባቸው ዋናው ቢሮና ሻሸመኔ ብቻ ናቸው። የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደል ጽፈናል፤ «ሰረዝ» ያልነው የመቀነስ ምልክቱን ነው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት በሚያመጣበት ቦታ ለይተን እንናገራለን።

ከሁሉ በፊት፦ ደንቡን የሚያነበው አለ?

በዩኒክስ ዓለም የቆየው የመግቢያ መቆጣጠሪያ ቲሲፒ ራፐርስ ነው። ቪትሴ ቬኔማ በ1990 በኔዘርላንድስ አይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የጻፈው ሲሆን፣ ደንቦቹ ኢቲሲ ማውጫ ውስጥ ባሉ ሁለት ፋይሎች ይቀመጣሉ፦ ሆስትስ.አላው እና ሆስትስ.ዲናይ። መጀመሪያ የሚነበበው አላው ነው፤ እዚያ ከተገኘ ይገባል። ካልተገኘ ዲናይ ይነበባል፤ እዚያ ከተገኘ ይከለከላል። ሁለቱም ላይ ከሌለ ይገባል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፋይሉ ከነጭራሹ ከሌለም እንደ ባዶ ይቆጠራል፤ ማለትም በሩ ክፍት ነው።

ችግሩ ደንቡን የሚያነበው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) አለመሆኑ ነው። የሚያነበው ሊብራፕ የሚባለውን ላይብረሪ ይዞ የተሠራ ፕሮግራም ብቻ ነው። ኦፕን ኤስኤስኤች በጥቅምት 2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው 6.7 ሥሪቱ ይህን ድጋፍ አውጥቶታል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ግን በራሳቸው ማሻሻያ መልሰው ያስገቡታል። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ከ8ኛው ሥሪት ጀምሮ ቲሲፒ ራፐርስን ራሱን አስወጥቷል። ስለዚህ ከኡቡንቱ የተቀዳ ሆስትስ.ዲናይ ሬድ ሃት 8 ወይም 9 ላይ ቢቀመጥ ያምራል እንጂ አይሠራም። የስህተት መልእክት የለም፤ ሎግ የለም፤ ዝም ብሎ ሁሉንም ያስገባል።

ማረጋገጫው አጭር ነው። አንድ ፕሮግራም የሚጠቀማቸውን ላይብረሪዎች የሚዘረዝረውን ኤልዲዲ የሚባል ትእዛዝ ከኤስኤስኤችዲ (የኤስኤስኤች ሰርቨር ፕሮግራም) ሙሉ ዱካ ጋር (ዩኤስአር፣ ኤስቢን፣ ኤስኤስኤችዲ) ይስጡና ውጤቱ ውስጥ ሊብራፕ የሚል መስመር በግሬፕ ይፈልጉ። ከኦፕን ኤስኤስኤች 9.8 ወዲህ ሥራው ለሁለት ፕሮግራሞች ስለተከፈለ፣ ኤስኤስኤችዲ-ሴሽን የሚባለውንም ይመልከቱ። መስመሩ ከሌለ ሆስትስ.አላው ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ ወደ ፋየርዎል ይሂዱ። መስመሩ ቢኖርም ነገሩ አያልቅም፦ ለምሳሌ ቪኤስኤፍቲፒዲ የሚባለው የኤፍቲፒ ሰርቨር ላይብረሪውን ይዞም ቢሆን፣ በራሱ ኮንፊገሬሽን ውስጥ «ቲሲፒ_ራፐርስ» የሚለው ምርጫ «የስ» ካልተባለ ፋይሎቹን አያያቸውም።

ቲሲፒዲቼክ እና ቲሲፒዲማች፦ ነቃፊውና ተንባዩ

ሁለቱም በዴቢያንና በኡቡንቱ ቲሲፒዲ በሚባለው ጥቅል ውስጥ አብረው ይመጣሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ቲሲፒዲቼክ ፋይሎቹን አንብቦ ይነቅፋል፦ የሌለ ሆስት ስም፣ የተሳሳተ አጻጻፍ፣ ቦታውን የሳተ «ኦል» (ሁሉም) ወይም «ፓራኖይድ» (ስሙና አድራሻው የማይጣጣም)፣ ደንብ ውስጥ ተጠቅሶ የማይታወቅ አገልግሎት። ከሰረዝ ቪ ጋር ሲሠራ እያንዳንዱን ደንብ እንዴት እንደተረዳው ዘርዝሮ ያሳያል፤ ዋና ጥቅሙም ይኼ ነው። እርስዎ የጻፉትንና እሱ የተረዳውን ጎን ለጎን ማየት ከየትኛውም ማስጠንቀቂያ በላይ ያስተምራል። የማይነግርዎት ደግሞ «192.168.50.23 ቢመጣ ምን ይሆናል?» የሚለውን ነው።

እሱን የሚመልሰው ቲሲፒዲማች ነው። የፕሮግራሙን ስምና የደንበኛውን አድራሻ ይሰጡታል፦

ቲሲፒዲማች ኤስኤስኤችዲ 192.168.50.23

መልሱ የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንደተገናኘና ፈቃዱ መሰጠት አለመሰጠቱን በግልጽ ያስቀምጣል። ከሰረዝ ዲ ጋር ከተጠሩ ሁለቱም መሣሪያዎች ኢቲሲ ውስጥ ያሉትን ትተው አሁን ያሉበት ማውጫ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ያነባሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አዲሱን ደንብ በሌላ ማውጫ አዘጋጅተው፣ ፈትነው፣ ከዚያ ብቻ ወደ ኢቲሲ መቅዳት ይቻላል። የሚሠራውን ሰርቨር ሳይነካ የሚፈትን እንዲህ ያለ ቀላል መንገድ ፋየርዎሎች ዘንድ እንኳ በቀላሉ አይገኝም።

ለምሳሌያችን የሚበቃው ይህ ነው፦

በሆስትስ.አላው፦ ኤስኤስኤችዲ : 192.168.10. 192.168.20.
በሆስትስ.ዲናይ፦ ኤስኤስኤችዲ : ኦል

እዚህ ሁለት መስመር ውስጥ ስህተት የሚሠራባቸው ቦታዎች ከመስመሮቹ ይበዛሉ። ከ192.168.10 በኋላ ያለችው ነጥብ ከተረሳች ደንቡ ኔትወርኩን መወከሉ ይቀራል። በ/24 መልክ መጻፍ በአንዳንድ ሥሪቶች ይሠራል፣ በአንዳንዶቹ ለአይፒቪ4 አይሠራም፤ በሁሉም ዘንድ የሚሠራው በነጥብ መጨረስ ወይም ሙሉውን ማስክ (255.255.255.0) መጻፍ ነው። ስሙ «ኤስኤስኤች» ሳይሆን «ኤስኤስኤችዲ» ነው፤ የሚነጻጸረው የአገልግሎቱ ስም ሳይሆን የፕሮሰሱ ስም ነውና። የፋይሉ የመጨረሻ መስመር በኢንተር ካልተዘጋ ያ መስመር ላይታይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው መስመር ደግሞ «ኦል» የሚለው ከልካዩ ነው።

ቲሲፒዲማች ራሱም የሚያሳስትባቸው ቦታዎች አሉ። ኤስኤስኤችዲ ራሱን ችሎ የሚሠራ እንጂ በአይኔትዲ (ሌሎች አገልግሎቶችን ሲፈለጉ የሚያስነሣ ፕሮግራም) የሚጠራ ስላልሆነ «በአይኔትዲ.ኮንፍ ውስጥ እንዲህ የሚባል ፕሮሰስ የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ይለፉት፤ ትርጉም ያለው ከሥሩ የሚመጣው መልስ ነው። አይኔትዲ.ኮንፍ ጭራሽ ከሌለና አልሠራም ካለ፣ በሰረዝ አይ ባዶ ፋይል ይስጡት።

ከባዱ ስህተት ስምና አድራሻ ላይ ነው። በቁጥር አድራሻ ሲጠይቁት «የስም ፍለጋው ባይሳካ ምን ይሆናል» ብለው እንደጠየቁ ይቆጥረዋል። ደንብዎ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር የዶሜይን ስም ካለ፣ በአድራሻ የተደረገ ፈተና «አይገናኝም» ሲልዎት በእውነተኛው ግንኙነት ግን ዲኤንኤስ (ስምና አድራሻን የሚያዛምደው አገልግሎት) ስሙን አግኝቶ ሊያስገባው ይችላል። ስለዚህ ስም ያለበትን ደንብ ሁለቴ ይጠይቁ፤ አንዴ በስሙ፣ አንዴ በአድራሻው። በደንበኛው ቦታ «አንኖውን» ወይም «ፓራኖይድ» ብሎ መስጠትም ይቻላል፤ ሁለተኛው ስሙና አድራሻው የማይጣጣም ደንበኛ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ ይነግርዎታል። የእኛ ምክር ግን ደንቡ ውስጥ ስም ከነጭራሹ አለማስገባት ነው። የቅርንጫፉ መስመር በተንቀራፈፈ ቀን ዲኤንኤስም ይንቀራፈፋል፤ ያን ቀን ደንቡ የሚሰጠው መልስ ትናንት ከሰጠው ሊለይ ይችላል።

ፍሪቢኤስዲ የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ እዚያ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው ሆስትስ.አላው መጀመሪያው ላይ «ኦል : ኦል : አላው» የሚል መስመር አለበት። የመጀመሪያው የተገናኘው ስለሚያሸንፍ፣ እሱ እስካልተነሣ ድረስ ከሥሩ የተጻፈው ሁሉ ጌጥ ነው። ቲሲፒዲማች ይህን ወዲያው ያጋልጣል፤ የፈለጉትን አድራሻ ቢሰጡት ሁሌም ያንኑ መስመር ይጠቅሳልና።

ኤስኤስኤችዲ የራሱን ደንብ ሲይዝ

ሊብራፕ የሌለበት ሲስተም ላይ ብዙዎች ደንቡን ወደ ኤስኤስኤችዲ ኮንፊገሬሽን ይወስዱታል፤ «አላውዩዘርስ» ውስጥ ስም@አድራሻ ይጽፋሉ፣ ወይም «ማች አድሬስ» ይጠቀማሉ። ሰረዝ ትንሹ ቲ አጻጻፉን ብቻ ይፈትሻል፤ ኤስኤስኤችዲን ዳግም ከማስነሣት በፊት መዝለል የሌለበት ይህ ነው። ሰረዝ ትልቁ ቲ ከሰረዝ ትልቁ ሲ ጋር ሆኖ «ይህ ተጠቃሚ ከዚህ አድራሻ ቢመጣ የትኞቹ ምርጫዎች ይሠሩበታል?» የሚለውን ያወጣል፤ የሚሰጠውም ዩዘር፣ ሆስት እና አድር በኮማ ተለይተው ነው።

ከቲሲፒዲማች የሚያንሰው በአንድ ነገር ነው፦ «ይገባል» ወይም «አይገባም» አይልም። የምርጫዎቹን ዝርዝር አውጥቶ ፍርዱን ለእርስዎ ይተዋል። ስለዚህ ለማች ክፍሎች ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ለአላውዩዘርስ ግን ከእውነተኛ የመግቢያ ሙከራ ጋር ካልተጣመረ ብቻውን አያስተማምንም።

ፋየርዎሎች፦ አጻጻፍ መፈተሽ ቀላል፣ ትርጉም መፈተሽ ከባድ

በኤንኤፍቴብልስ (ከከርነል 3.13 ጀምሮ ያለው የሊኑክስ ፋየርዎል) ደንቡን ሳይጭን ለመፈተሽ ኤንኤፍቲ ሰረዝ ሲ ሰረዝ ኤፍ ከፋይሉ ስም ጋር ይበቃል። ይህ ፋይሉ ይጫን እንደሆነ ይነግርዎታል፤ ትክክል ይሁን አይሁን አይነግርዎትም። «192.168.20» ለማለት «192.168.2» ቢጽፉ ያለ አንዳች ቅሬታ ያልፋል። ከእሱ በቀደመው የሊኑክስ ፋየርዎል፣ በአይፒቴብልስ፣ ያለው ሰረዝ ትልቁ ሲ ደግሞ ስሙ ያሳስታል፦ የሚፈትሸው ፓኬት (በኔትወርኩ ላይ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ) ያልፍ እንደሆነ ሳይሆን በቃል በቃል ተመሳሳይ የሆነ ደንብ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ነው። «ቼክ አድርጌያለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያደረገው ይህንን ነው።

ትርጉሙን ማየት ለሚፈልግ ኤንኤፍቴብልስ ከሁሉም የሚሻል መሣሪያ አለው፤ ትሬስ። ከሌሎቹ ሰንሰለቶች (በተራ የሚነበቡ የደንብ ዝርዝሮች) የሚቀድም፣ ለምሳሌ ፕራዮሪቲው -350 የሆነ የፕሪራውቲንግ ሰንሰለት ይሥሩና ውስጡ የፈታኙን አድራሻ ብቻ የሚይዝ አንድ ደንብ ያስገቡ፤ ድርጊቱ «ሜታ ኤንኤፍትሬስ ሴት 1» ይሁን። ከዚያ ኤንኤፍቲ ሞኒተር ትሬስ ብለው ይክፈቱና ከዚያ አድራሻ ይሞክሩ። ፓኬቱ በየትኛው ሰንሰለት እንዳለፈ፣ የትኛው ደንብ እንደያዘውና የመጨረሻ ፍርዱን መስመር በመስመር ያያሉ። አድራሻ ሳይወስኑ ከከፈቱት ስክሪኑ ይጥለቀለቃል፤ ሲጨርሱም ሰንሰለቱን ማንሣት አይርሱ።

ትሬስ ብቻ የሚያወጣው አንድ ወጥመድ አለ። በኤንኤፍቴብልስ አንድ ሁክ (ፓኬት የሚመረመርበት ነጥብ) ላይ ሁለት መሠረታዊ ሰንሰለቶች ካሉ (አንዱ እርስዎ የጻፉት፣ ሌላው ፋየርዎልዲ የሚባለው የፋየርዎል ማስተዳደሪያ የሠራው) በመጀመሪያው «አክሰፕት» የተባለ ፓኬት በሁለተኛውም ይመረመራል፤ እዚያ ሊጣል ይችላል። «ድሮፕ» ግን የትም ቢባል የመጨረሻ ነው። «አስገባው ብዬ ጽፌ ለምን አይገባም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

በአይፒቴብልስ ትሬስ ሳይከፍቱ የሚጠቅመው ቆጣሪው ነው። በሰረዝ ትልቁ ዜድ ቆጣሪዎቹን ዜሮ ያድርጉ፣ ከተከልካዩ ቦታ አንድ ጊዜ ይሞክሩ፣ ከዚያ በሰረዝ ቪ፣ ሰረዝ ኤን እና ሰረዝ ትልቁ ኤል ያንብቡ። የጠበቁት የክልከላ መስመር ቁጥሩ ካልጨመረ ፓኬቱን የያዘው ሌላ መስመር ነው። ዴቢያን ከ10ኛው ሥሪት ጀምሮ የአይፒቴብልስ ትእዛዝ በውስጡ ኤንኤፍቴብልስን ነው የሚጠቀመው፤ የድሮው አይፒቴብልስ-ሌጋሲ ግን አብሮ ሊኖርና የተረሱ ደንቦች ሊይዝ ይችላል። ሁለቱንም ይዘርዝሩ።

ዶከር (ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ከረጢት የሚያስኬድ መሣሪያ) ያለበት ሰርቨር ላይ ዩኤፍደብልዩን (የኡቡንቱን ቀላል ፋየርዎል ማስተዳደሪያ) ብቻ አይመኑ። ዶከር የሚያወጣቸው ፖርቶች በአድራሻ ቅየራ ወደ ፎርዋርድ ሰንሰለት ስለሚሄዱ፣ ዩኤፍደብልዩ ኢንፑት ላይ የጻፈውን ክልከላ አያዩትም። የዩኤፍደብልዩ ስታተስ «ዲናይ» እያለ ፖርቱ ከእንግዶች ዋይፋይ ክፍት ሊሆን ይችላል።

በፒኤፍ (በኦፕንቢኤስዲና በፍሪቢኤስዲ ያለው ፋየርዎል) የሚያሸንፈው የመጨረሻው የተገናኘ ደንብ ነው፤ «ክዊክ» የሚል ቃል ካለው በስተቀር። ከሊኑክስ የመጣ ሰው እዚህ ይደናቀፋል። ፒኤፍሲቲኤል ሰረዝ ኤንኤፍ አጻጻፉን ይፈትሻል፤ ሰረዝ ቪቪኤስአር ደንቦቹን ከነቁጥራቸውና ከነቆጣሪያቸው ያሳያል። «ሎግ» የሚል ቃል ያለበት ደንብ ከሆነ ፒኤፍሎግ0 ላይ በሰረዝ ኢ የተከፈተ ቲሲፒደምፕ (የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳይ ትእዛዝ) የደንቡን ቁጥር ከፓኬቱ ጋር ያወጣል። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ደንቡ ቢቀየርም ቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት በስቴት ሰንጠረዡ ውስጥ ይቀጥላል። ክልከላ ከጻፉ በኋላ የድሮው ክፍለ ጊዜ ስላልተቋረጠ «አልሠራም» ብለው አይፍረዱ፤ በሰረዝ ኬ የዚያን አድራሻ ስቴት ገድለው እንደ አዲስ ይሞክሩ።

ከውጭ መሞከር፦ መጨረሻው ፍርድ፣ ግን በትክክል ካነበቡት

የትኛውም ትንበያ ከእውነተኛ ሙከራ አይበልጥም። ሙከራው ግን ከትክክለኛው ቦታ መደረግ አለበት። ከሰርቨሩ ራሱ ወደ 192.168.10.5 መሞከር ምንም አይፈትንም፤ አድራሻው የራሱ ስለሆነ ፓኬቱ በሎ (ሰርቨሩ ከራሱ ጋር በሚነጋገርበት) ኢንተርፌስ ነው የሚያልፈው፣ አብዛኛው ፋየርዎል ደግሞ ሎን እንዳለ ያስገባል። ላፕቶፑን ይዘው ከእንግዶች ዋይፋይ ጋር ይገናኙና ከዚያ ይሞክሩ። ለዲላው ቅርንጫፍ እዚያ ያለ ሰው በስልክ እየተመራ አንድ ትእዛዝ ቢጽፍልዎት ይበቃል።

የሁለቱ ዓይነት ክልከላ ከውጭ ሲታይ አይመሳሰልም። ፋየርዎል «ድሮፕ» ሲል ሲያንኳኩበት ዝም የሚል ደጅ ነው፤ ፈታኙ ጊዜው እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ኤንማፕም (ክፍት ፖርቶችን የሚፈልግ መሣሪያ) «ፊልተርድ» ይላል። «ሪጀክት» ከሆነ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ቲሲፒ ራፐርስ ግን በሩን ከፍቶ ፊትዎን አይቶ መልሶ የሚዘጋ ዘበኛ ነው፤ የቲሲፒ ግንኙነቱ ሙሉ በሙሉ ይፈጸምና አንድ ባይት ሳይላክ ይቋረጣል። ስለዚህ በኤንሲ (ወደ ፖርት በቀጥታ የሚያገናኝ ትእዛዝ) ሰረዝ ቪዜድ የተደረገ ሙከራ «ተሳክቷል» ይላል፤ ደንቡ ግን በትክክል እየከለከለ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተደናግጦ ደህናውን ደንብ ያበላሻል። ዜድን ትተው በሰረዝ ቪ እና በሰረዝ ደብልዩ 3 ብቻ ይገናኙ፤ «ኤስኤስኤች-2.0» ብሎ የሚጀምር መስመር ከመጣ ገብተዋል፣ ካልመጣና ከተቋረጠ ተከልክለዋል። ኤንማፕ በሰረዝ ትንሹ ኤስ ትልቁ ቪ ሲሠራ ይህንኑ «ቲሲፒራፕድ» ብሎ ይጠራዋል፤ ቃሉ ግን ግንኙነቱ ያለ መረጃ መቋረጡን ብቻ ነው የሚናገረው፣ የግድ ሊብራፕ ነው ማለት አይደለም። ማረጋገጫው በሰርቨሩ ሎግ ላይ «ሪፊውዝድ ኮኔክት ፍሮም» የሚለው መስመር ነው።

ዩዲፒን በኤንሲ መፈተን ትርፉ ድካም ነው፤ ማንም ሳይሰማ «ተሳክቷል» ይላል። ሰርቨሩ ላይ ቲሲፒደምፕ ከፍቶ የሚደርሰውንና የሚመለሰውን ማየት ይሻላል። አይፒቪ6ንም አይርሱ፦ የአይፒቴብልስ ደንብ አይፒቪ6ን አይነካም፤ በኤንኤፍቴብልስ የ«አይኔት» ዓይነት ሰንጠረዥ ሁለቱንም ይይዛል።

በሞባይል ዳታ ለሚገቡ ሰዎች የአደባባይ አድራሻቸውን መፍቀድ አይሠራም። አድራሻው ይቀያየራል፤ ብዙ ጊዜም ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር የሚጋሩት ነው። ለእነሱ ቪፒኤን አቁሞ የቪፒኤኑን ኔትወርክ መፍቀድ ነው ያለው መፍትሔ።

ዲላ ሳይሄዱ ከዲላ መሞከር

የሁሉንም ቅርንጫፍ አድራሻ ከአንድ ወንበር ላይ መፈተን ለሚፈልግ የሊኑክስ ኔትወርክ ኔምስፔስ (በአንድ ማሽን ውስጥ የራሱ አድራሻና ደንብ ያለው የተነጠለ ኔትወርክ) አለ። ጊዜ የሚጠይቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩት ነው፤ በስክሪፕት ካስቀመጡት በኋላ በሰከንዶች ይነሣል። በሚሠራው ሰርቨር ዋና ኔትወርክ ላይ አንድ ኔምስፔስ ብቻ ሰክቶ መሞከር ግን አይመከርም፤ የ192.168.30 መመለሻ መንገድ ወደ ቪፒኤኑ ስለሚያመራ መልሱ ወደ ፈታኙ አይመለስም፣ አርፒ_ፊልተር (የመነሻ አድራሻው ከመጣበት መንገድ ጋር መጣጣሙን የሚያይ የከርነል ምርጫ) ጥብቅ ከሆነም ፓኬቱ ገና ሲገባ ይጣላል። ሁለት ኔምስፔስ ይሥሩ፤ አንዱ ሰርቨሩን፣ ሌላው ደንበኛውን ይወክላል።

በአይፒ ኔትኤንኤስ አድ ሁለቱን ይፍጠሩ። አንድ ጥንድ ቪኢቲኤች (ሁለት ጫፍ ያለው ምናባዊ የኔትወርክ ገመድ) ሠርተው አንዱን ጫፍ ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ይስጡ። ደንብዎ ኢንተርፌስ በስም የሚጠቅስ ከሆነ የሰርቨሩን ጫፍ በዚያው ስም ይጥሩት፤ ስሙ በየኔምስፔሱ የተለየ ስለሆነ ከእውነተኛው ጋር አይጋጭም። ለሰርቨሩ 192.168.10.5/24፣ ለደንበኛው 192.168.10.77/24 ይስጡ፤ ከዚያ ለደንበኛው 192.168.20.7፣ 192.168.30.7 እና 192.168.50.7ን በ/32 ይጨምሩለት። ሰርቨሩ ነባሪ መንገዱ በ192.168.10.77 ይሁን። ሁለቱንም ጫፍና የሁለቱንም ሎ ማስነሣት አይርሱ። የኤንኤፍቴብልስ ደንቦች በየኔምስፔሱ የተለያዩ ስለሆኑ አዲሱን ፋይል በሰርቨሩ ኔምስፔስ ውስጥ ይጫኑት፤ የሚሠራውን አይነካም። እዚያው ውስጥ ኤስኤስኤችዲን በሙሉ ዱካው ያስነሡ፤ ፖርት 22ን ከእውነተኛው ጋር አይሻማም፤ «ፒድፋይል=ነን» የሚለውን ምርጫ ግን ይስጡት፣ አለበለዚያ የእውነተኛውን የፒአይዲ ፋይል ይደርብበታል። ቀሪው ከደንበኛው ኔምስፔስ በኤንሲ ሰረዝ ኤስ መነሻ አድራሻውን እየቀያየሩ መሞከር ነው፦ 10.77 እና 20.7 ባነር («ኤስኤስኤች-2.0» የሚለውን መስመር) ማየት አለባቸው፣ 30.7 እና 50.7 ማየት የለባቸውም።

ሆስትስ.አላው የፋይል ሲስተም ላይ ያለ ስለሆነ ኔምስፔሱ አይለየውም፤ ውስጥ ያለው ኤስኤስኤችዲ የሚያነበው እውነተኛውን ፋይል ነው። ዲኤንኤስ ደግሞ እዚያ ውስጥ አይደርስም፤ ስም ያለባቸው ደንቦች ዲኤንኤስ በወደቀ ቀን ምን እንደሚሆኑ በነጻ ያሳይዎታል።

ራስን ከውጭ መቆለፍ

ሰርቨሩ ሐዋሳ፣ ጠባቂው አዲስ አበባ ከሆነ አንድ የተሳሳተ መስመር የ270 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ታስከፍላለች። አዲስ ደንብ ከመጫን በፊት የድሮውን በኤንኤፍቲ ሊስት ሩልሴት ወደ ፋይል ያስቀምጡ፤ የፋይሉ መጀመሪያ ላይ «ፍላሽ ሩልሴት» ይጨምሩ፣ ያለሱ ሲጫን በነበረው ላይ ይደራረባልና። ከዚያ ፋይሉን ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሶ የሚጭን ሥራ በአት (ትእዛዝን በተወሰነ ሰዓት የሚያስኬድ መሣሪያ) ወይም በሲስተምዲ-ረን ሰረዝ ሰረዝ ኦን-አክቲቭ ያስይዙ። አትን ከመረጡ ሥራው መመዝገቡን በአትኪው ይዩ፣ ሥራውን የሚያስኬደው ኤቲዲ መነሣቱንም ያረጋግጡ። አዲሱን ጭነው፣ የተከፈተውን መስኮት ሳይዘጉ፣ በሌላ መስኮት አዲስ ግንኙነት ይክፈቱ። የድሮው መስኮት አለመቋረጡ ምንም አያረጋግጥም። አዲሱ ከገባ ሥራውን በአትአርኤም ይሰርዙ።

አይፒቴብልስ-አፕላይ ይህንኑ በራሱ ያደርጋል፤ ነባሪው የመጠበቂያ ጊዜ 10 ሰከንድ ስለሆነ ግን በቀርፋፋ መስመር አይበቃም፤ በሰረዝ ቲ ያራዝሙት። በፋየርዎልዲ «ፐርማነንት» ሳይሉ መጻፍ ራሱ መጠባበቂያ ነው፤ ዳግም ሲነሣ ይጠፋልና።

ታዲያ የቱን?

ሊብራፕ ላይ የቆመ የቆየ ሲስተም ካለዎት ኤልዲዲን አስቀድመው ቲሲፒዲማችን ሰረዝ ዲ ይጠቀሙ፤ ከሁሉም ፈጣንና አደጋ የሌለው ነው። አዲስ ሰርቨር የሚያቆም ሰው ግን ቲሲፒ ራፐርስን እንደ ዋና መከላከያ ባይመርጥ ይሻላል፤ መሣሪያዎቹ ጥሩ ቢሆኑም መሬቱ ከሥር እየተነሣ ነው። ለኤንኤፍቴብልስ የደንቦቹ ቁጥር ከ20 በታች ከሆነ ሰረዝ ሲ እና ከእንግዶች ዋይፋይ የሚደረግ አንድ የእውነት ሙከራ ይበቃል። ቅርንጫፎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ደንቡ በየወሩ የሚቀየር ከሆነ፣ ሁለቱ ኔምስፔሶች ለስክሪፕቱ ያጠፉትን ከሰዓት በኋላ ይከፍላሉ። ትሬስ ለየቀኑ አይደለም፤ ውጤቱ ከጠበቁት ሲለይ ምክንያቱን ለማግኘት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር አንድ ፈተና አለ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ። በእጅ የተጻፈ የአይፒቴብልስ ደንብ በሰርቨሩ ማህደረ ትውስታ (ራም) ውስጥ ብቻ ያለ ነው፤ ኔትፊልተር-ፐርሲስተንት ወይም መሰሉ ካላስቀመጠው ይጠፋል። ለኤንኤፍቴብልስ በሲስተምሲቲኤል ኢዝ-ኢኔብልድ አገልግሎቱ ሰርቨሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ መደረጉን ይጠይቁ። ደንብ ውስጥ የሆስት ስም ካለ ደግሞ ስሙ የሚፈታው ፋይሉ ሲጫን ነው፤ ሰርቨሩ ሲነሣ ራውተሩ ገና ካልተነሣ ስሙ አይፈታም፣ ኤንኤፍቲም ፋይሉን ከፊሉን መጫን ስለማያውቅ ሁሉንም ይተወዋል። ሰርቨሩ ያለ አንድ ደንብ፣ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይነሣል፤ ሠራተኛው ሁሉ እንደ ወትሮው ይገባል፣ ስልክም አይጠራም። ስለዚህ ሰርቨሩንና ራውተሩን አንድ ላይ አጥፍተው ያብሩና፣ ላፕቶፑን ይዘው እንደገና ወደ እንግዶች ዋይፋይ ይሂዱ።